እየፈሰሰ የሚሠራው ኬሚስትሪ፦ ከወተት ማቀነባበሪያ እስከ ማዳበሪያ ፋብሪካ

አርሶ አደሩ በክረምት መግቢያ ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ተረክቦ ወደ ማሳው የሚወስደው ነጩ የዩሪያ ፍሬ በጋን ተጠንስሶ ወይም በድስት ተቀቅሎ የተገኘ አይደለም። መነሻው ከአየር የተወሰደ ናይትሮጂንና ከተፈጥሮ ጋዝ የተለየ ሃይድሮጂን ነው። ሁለቱ ጋዞች ሌት ተቀን ሳይቆሙ በቧንቧ እየፈሰሱ፣ በመንገዳቸው ላይ እየሞቁና እየተዋሐዱ፣ በሌላው ጫፍ ሌላ ነገር ሆነው ይወጣሉ። ይህ አሠራር ያልተቋረጠ ፍሰት ኬሚስትሪ ይባላል።

በግዙፍ የማዳበሪያና የነዳጅ ማጣሪያ ፋብሪካዎች ውስጥ አሠራሩ ከመቶ ዓመት በላይ አስቆጥሯል። ባለፉት ሦስት አስርት ዓመታት ግን ከእርሳስ በቀጠኑ ቱቦዎች ውስጥ መድኃኒትና ሌሎች ረቂቅ ኬሚካሎችን ወደ መሥራት ተሸጋግሯል። ማዳበሪያንም ሆነ የወባ መድኃኒትን ከውጭ ለምታስገባ አገር የአሠራሩን ምንነት ማወቅ ከዕውቀት ያለፈ ጥቅም አለው። ፋብሪካ ሲታቀድ ምን ዓይነት ጋዝ፣ ኃይልና ባለሙያ እንደሚያስፈልግ፣ በአካባቢው ነዋሪ ላይስ ምን አደጋ ሊያስከትል እንደሚችል የሚወሰነው በአብዛኛው በዚሁ አሠራር ነው።

የዙር አሠራርና የፍሰት አሠራር

ኬሚካላዊ ምርት በሁለት መንገድ ይሠራል። የመጀመሪያው በፋብሪካ ሰዎች ዘንድ ባች በመባል የሚታወቀው የዙር አሠራር ነው። አረቄ አውጪዋ ድፍድፉን በማሰሮ ሞልታ፣ እሳት አንድዳ፣ አረቄው ወጥቶ ሲያልቅ አተላውን ደፍታ፣ ማሰሮውን አጥባ እንደገና እንደምትሞላው ማለት ነው። እያንዳንዱ ዙር መጀመሪያና መጨረሻ አለው። የአንዱ ዙር ምርት ከሌላው ሊለይ ይችላል፤ ለመሙላት፣ ለማሞቅ፣ ለማቀዝቀዝና ለማጠብ የሚጠፋው ጊዜም ምርት የማይገኝበት ጊዜ ነው።

ሁለተኛው የፍሰት አሠራር ነው። ለዚህ ቅርቡ ምሳሌ የእህል ወፍጮ ነው። እህሉ ከላይ ሳይቋረጥ ይወርዳል፤ በድንጋዮቹ መካከል ያልፋል፤ ዱቄቱ ከታች ሳይቋረጥ ይወጣል። በማንኛውም ቅጽበት በድንጋዮቹ መካከል ያለው እህል ጥቂት ጭብጥ ቢሆንም በቀኑ መጨረሻ የተፈጨው ብዙ ኩንታል ነው። በፍሰት ኬሚስትሪም ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ፈሳሾች ወይም ጋዞች በፓምፕ እየተገፉ መገናኛ ላይ ይቀላቀላሉ፤ ከዚያም በተወሰነ ሙቀትና ግፊት በተያዘ ቱቦ ውስጥ ሲጓዙ ኬሚካላዊ አጸግብሮቱ ይካሄዳል፤ ውጤቱም በቱቦው መጨረሻ ይሰበሰባል።

በአገራችን የስኳር ፋብሪካዎች ይህን ልዩነት ማየት ይቻላል። በፊንጫና በመተሐራ ከስኳር ተረፈ ምርት ከሆነው ሞላሰስ ኤታኖል ሲመረት የተብላላው ፈሳሽ ወደ ረጅም የማጣሪያ ማማ ያለማቋረጥ ይገባል፤ አልኮሉ ከላይ፣ አተላው ከታች ያለማቋረጥ ይወጣል። እርግጥ ነው፣ ማጣራት መለየት እንጂ አዲስ ውሁድ መፍጠር አይደለም። ይሁን እንጂ የቤት ውስጡ አረቄና የፋብሪካው ኤታኖል አንድ ዓይነት አልኮል ሆነው ሳሉ አንዱ በዙር ሌላው በፍሰት መውጣታቸው የሁለቱን አሠራሮች ልዩነት በግልጽ ያሳያል።

የቆይታ ጊዜ፦ ሰዓት በርዝመት ሲለካ

በዙር አሠራር አንድ ነገር ምን ያህል ጊዜ እንደበሰለ የሚታወቀው በሰዓት ነው። በፍሰት አሠራር ግን ጊዜ የሚለካው በቱቦው ርዝመትና በፈሳሹ ፍጥነት ነው። ፈሳሹ በቱቦው ውስጥ የሚያሳልፈው ጊዜ የቆይታ ጊዜ ይባላል። ስሌቱም ቀላል ነው፤ የቱቦው ይዘት ለፍሰቱ መጠን ይካፈላል። 10 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ቱቦ ውስጥ በደቂቃ 2 ሚሊ ሊትር ቢፈስ እያንዳንዱ ጠብታ በአማካይ 5 ደቂቃ ይቆያል። ፍሰቱ በእጥፍ ቢጨምር ቆይታው ወደ ሁለት ደቂቃ ተኩል ይወርዳል።

የወተት ማቀነባበሪያዎች ይህን መርህ በየቀኑ ይጠቀሙበታል። ወተት ከበሽታ አምጪ ተህዋስያን እንዲጸዳ በሁለት መንገድ ማሞቅ ይቻላል። በዙር አሠራር ወተቱ በገንዳ ተሞልቶ በ63 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ30 ደቂቃ ይቆያል። በፍሰት አሠራር ደግሞ በስስ የብረት ሳህኖች መካከል እያለፈ 72 ዲግሪ ሴልሺየስ ከደረሰ በኋላ ለ15 ሰከንድ በማቆያ ቱቦ ውስጥ ይጓዛል። በሰዓት 3 ሺህ 600 ሊትር፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ሊትር ለሚያሳልፍ ማሽን ማቆያ ቱቦው ቢያንስ 15 ሊትር መያዝ አለበት። በተግባር ግን ቱቦው ከዚህ ይረዝማል፤ ምክንያቱም በቱቦው መሐል የሚፈሰው ወተት ግድግዳውን ታክኮ ከሚሄደው ይፈጥናል፤ 15 ሰከንዱን መሙላት ያለበትም ከሁሉ ቀድሞ የሚወጣው ጠብታ ነው።

ይኸው ማሽን የፍሰትን ሌሎች ሁለት ጥቅሞችም ያሳያል። አንደኛው ኃይል ቆጣቢነቱ ነው። ሞቆ የሚወጣው ወተት ሙቀቱን ቀዝቅዞ ለሚገባው ያካፍለዋል፤ በመሆኑም ለማሞቅም ሆነ ለማቀዝቀዝ የሚወጣው ወጪ በእጅጉ ይቀንሳል። ሁለተኛው ወዲያውኑ ማረም መቻሉ ነው። የሙቀት መለኪያው ከሚፈለገው በታች ካነበበ ቫልቩ በራሱ ዞሮ ወተቱን ወደ መነሻው ገንዳ ይመልሰዋል፤ በቂ ሙቀት ያላገኘው ወተት ከተዘጋጀው ጋር አይቀላቀልም። በዙር አሠራር ስህተት ሲገኝ ብዙውን ጊዜ ገንዳው በሙሉ እንደገና መሠራት ወይም መደፋት ይኖርበታል።

ሙቀት፣ ቅልቅልና ግፊት

ብዙ ኬሚካላዊ አጸግብሮቶች ሙቀት ያመነጫሉ። ያ ሙቀት በፍጥነት ካልተወገደ አጸግብሮቱ ይፋጠናል፤ የተፋጠነው ደግሞ የበለጠ ሙቀት ያመነጫል፤ በመጨረሻም ከቁጥጥር ውጪ ሊወጣ ይችላል። ሙቀት የሚወገደው በዕቃው ግድግዳ በኩል ነው። ስለዚህ ወሳኙ ጥያቄ በውስጡ ላለው ፈሳሽ ምን ያህል ግድግዳ ይደርሰዋል የሚለው ነው።

የአንድ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ጋን የጎን ግድግዳው ለእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ፈሳሽ 4 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ቱቦ ውስጥ ግን ለተመሳሳይ መጠን ፈሳሽ 4 ሺህ ካሬ ሜትር ግድግዳ ይደርሰዋል። ልዩነቱ አንድ ሺህ እጥፍ ነው። ለዚህም ነው በትልቅ ጋን ውስጥ በበረዶ ቀዝቅዞ፣ ጠብ ጠብ እየተደረገ ለሰዓታት መካሄድ የነበረበት አጸግብሮት በቀጭን ቱቦ ውስጥ በደቂቃዎች፣ አንዳንዴም በሰከንዶች ሊጠናቀቅ የሚችለው።

ቅልቅልም በተመሳሳይ መንገድ ይሻሻላል። በቀጭን ቱቦ ውስጥ ፈሳሾች ሳይናወጡ ጎን ለጎን ይፈስሳሉ፤ የሚቀላቀሉትም ቅንጣቶቻቸው ከአንዱ ወደ ሌላው ቀስ በቀስ በመሰራጨት ነው። ለዚህ ስርጭት የሚያስፈልገው ጊዜ በርቀቱ ካሬ ልክ ያድጋል። የቱቦው ስፋት በአሥር እጥፍ ሲጠብ የመቀላቀያው ጊዜ በመቶ እጥፍ ያጥራል። ዱቄትና ውኃ በደንብ ሳይታሹ ሲቀሩ ሊጡ ውስጥ እንክብል እንደሚቀር ሁሉ፣ በደንብ ባልተቀላቀለ ጋን ውስጥም አንዱ ኬሚካል የበዛበት ጥግ ይፈጠርና ያልተፈለገ ተረፈ ምርት ያወጣል። በፍሰት ይህ ይቀንሳል።

ሦስተኛው ግፊት ነው። ከባሕር ጠለል ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው አዲስ አበባ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ነው። በግፊት ማብሰያ ውስጥ ግን ከ100 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ ይሞቃል፤ ሽሮውም ሆነ ባቄላው ቶሎ ይበስላል። በቱቦው መጨረሻ ላይ የሚገጠም የግፊት መቆጣጠሪያም ፈሳሾችን ከመፍያ ነጥባቸው በላይ እንዲሞቁ ያስችላል። ቀጭን ቱቦ ከትልቅ ጋን ይልቅ ከፍተኛ ግፊትን በቀላሉ ስለሚችል ይህን በአነስተኛ ወጪ ማድረግ ይቻላል።

ምርትን ማሳደግም መልኩን ይቀይራል። በዙር አሠራር ብዙ ለማምረት ጋኑን ማተለቅ ያስፈልጋል፤ በትንሹ ዕቃ የተሳካው ደግሞ በትልቁ ላይሳካ ይችላል። በፍሰት ግን ማሽኑን ለረጅም ሰዓት ማሠራት ወይም ተመሳሳይ ቱቦዎችን ጎን ለጎን መደርደር ይበቃል። በደቂቃ አንድ ግራም ብቻ የሚያወጣ በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ መሣሪያ በቀን 1 ነጥብ 44 ኪሎ ግራም፣ በ30 ቀን ደግሞ ከ43 ኪሎ ግራም በላይ ያወጣል። ለብዙ መድኃኒቶች ይህ ትንሽ መጠን አይደለም።

ያልተከማቸ አደጋ

እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2 ቀን 1984 ሌሊት በሕንድ ቦፓል ከተማ በሚገኝ የፀረ ተባይ ፋብሪካ 40 ቶን ገደማ ሜቲል አይሶሳያኔት የያዘ ታንከር ውስጥ ውኃ ገባ። ውኃውና ኬሚካሉ ሲገናኙ ከባድ ሙቀት ተፈጠረ፤ መርዛማው ጋዝም አፈትልኮ በእንቅልፍ ላይ ወደነበረው የከተማው ሕዝብ ነፈሰ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩት ለጋዙ ተጋለጡ። ብዙዎቹም ለዓይንና ለሳንባ ሕመም ተዳርገው ቀሩ።

ሜቲል አይሶሳያኔት ለገበያ የሚቀርብ ምርት አልነበረም። ካርባሪል የተባለውን ፀረ ተባይ ለመሥራት በመካከል የሚያገለግል ኬሚካል ነበር። በታንከር የተከማቸው ቀጣዩ ደረጃ እስኪጠቀምበት ድረስ ነው። ከአደጋው በኋላ የኬሚካል ኢንዱስትሪው በስፋት ያነሳው ጥያቄም ይኸው ነው፤ በመካከል የሚፈጠር መርዝ ለምን ይከማቻል?

የፍሰት አሠራር ለዚህ የሚሰጠው መልስ አደገኛውን ነገር በዚያው ቱቦ ውስጥ ፈጥሮ ወዲያውኑ ወደ ቀጣዩ አጸግብሮት ማስገባት ነው። በማንኛውም ቅጽበት በመሣሪያው ውስጥ ያለው መርዝ ጥቂት ግራም ወይም ጥቂት ኪሎ ግራም ይሆናል። ቱቦ ቢፈነዳ፣ ፓምፕ ቢቆም ወይም መጋጠሚያ ቢያፈስ እንኳ የሚወጣው ያ ብቻ ነው። ፈንጂ ባሕርይ ያላቸው፣ በአየር የሚቀጣጠሉ ወይም በትንሽ መጠን የሚገድሉ ኬሚካሎች ዛሬ በፍሰት እንዲሠሩ የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ማለት ግን አሠራሩ አደጋ የለውም ማለት አይደለም። ጥሬ ዕቃው በግቢው ውስጥ በብዛት ከተከማቸ አደጋው ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም።

ማዳበሪያ፦ ሳይቆም የሚዞር ጋዝ

አየር ከመቶ 78 እጅ ናይትሮጂን ነው፤ ሰብል ግን በቀጥታ ሊጠቀምበት አይችልም። የናይትሮጂን ሁለት አተሞች እጅግ በጠነከረ ማሰሪያ የተያያዙ ናቸው። እንደ ባቄላ፣ ምስርና ሽምብራ ያሉ ጥራጥሬዎች በሥሮቻቸው ላይ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካኝነት ይህን ማሰሪያ ያስፈታሉ። ስንዴ፣ ጤፍና በቆሎ ግን ይህ ችሎታ የላቸውም።

እ.ኤ.አ. በ1909 ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪትዝ ሃበርና ረዳታቸው ሮበርት ለ ሮሲኞል በካርልስሩኸ ከተማ በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት ናይትሮጂንና ሃይድሮጂንን አዋሕደው አሞኒያ ሲያወጡ ለባስፍ ኩባንያ ባለሙያዎች አሳዩ። በጠረጴዛ ላይ የነበረው መሣሪያ በሰዓት ያወጣው 125 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ነበር። ይሁንና ሳይቋረጥ ይሠራ ነበር። ካርል ቦሽ ወደ ፋብሪካ ደረጃ አሳደጉት፤ እ.ኤ.አ. በ1913 በኦፓው የመጀመሪያው የአሞኒያ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ።

የሃበርና የቦሽ አሠራር ቁልፉ ዑደቱ ነው። ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀትና ከመደበኛው የአየር ግፊት ከ150 እስከ 250 እጥፍ በሆነ ግፊት፣ ብረትን አፋጣኝ አድርጎ እንኳ፣ ጋዙ አንድ ጊዜ ሲያልፍ ወደ አሞኒያ የሚለወጠው ከመቶ 15 እጅ ገደማ ነው። በዙር አሠራር ቢሆን ኖሮ ይህ ኪሳራ ነበር። በፍሰት ግን የሚወጣው ድብልቅ ይቀዘቅዛል፤ አሞኒያው ፈሳሽ ሆኖ ይለያል፤ ያልተዋሐደው ጋዝ ከአዲስ ጋዝ ጋር ተጨምሮ ይመለሳል። እየዞረ ሲሄድ በመጨረሻ ከገባው ጋዝ አብዛኛው አሞኒያ ይሆናል።

ቦሽን የገጠማቸው ሌላ እንቅፋት የብረቱ መሰንጠቅ ነበር። ሃይድሮጂን በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ወደ ብረቱ ሰርጎ በውስጡ ያለውን ካርቦን እየበላ ያደክመዋል። መፍትሔው ሁለት ንብርብር ያለው ቱቦ ሆነ፤ ውስጡ ካርቦን የሌለው ለስላሳ ብረት፣ ውጪው ጠንካራ ብረት ሲሆን፣ ሰርጎ የሚያልፈው ጋዝ እንዲወጣ በውጪኛው ላይ ትናንሽ ቀዳዳዎች ተበሱለት።

አሞኒያው ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር በግፊት ሲዋሐድ ዩሪያ ይሆናል። ዩሪያ ከመቶ 46 እጅ ናይትሮጂን ስለሆነ በ50 ኪሎ ግራም ከረጢት ውስጥ 23 ኪሎ ግራም ናይትሮጂን አለ። ዛሬ የዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ የሚመገበው ምግብ በዚህ መንገድ ከአየር በተወሰደ ናይትሮጂን ላይ የተመሠረተ እንደሆነ ይገመታል።

ኢትዮጵያ የምትጠቀመውን ዩሪያ ለረጅም ጊዜ ከውጭ ስታስገባ ቆይታለች። የዓለም የጋዝ ዋጋ ሲንር፣ መርከብ ሲዘገይ ወይም የውጭ ምንዛሪ ሲያጥር ጫናው የሚያርፈው በአርሶ አደሩ የዘር ወቅት ላይ ነው። በነሐሴ ወር 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና የናይጄሪያው ዳንጎቴ ግሩፕ በሶማሌ ክልል ጎዴ በ2 ነጥብ 5 ቢሊዮን ዶላር የዩሪያ ፋብሪካ ለመገንባት ተስማምተዋል፤ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ የመሠረት ድንጋይ ተቀምጧል። ጥሬ ዕቃው ከካሉብና ከሂላላ የጋዝ መስኮች በቧንቧ እንዲመጣ ታስቧል። የታቀደው አቅም በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ነው።

ይህ አኃዝ የፍሰት አሠራርን ጥንካሬና ተጋላጭነት በአንድነት ያሳያል። ፋብሪካው ሙሉ አቅሙ ላይ ደርሶ ዓመቱን ሙሉ ቢሠራ የአንድ ቀን ምርቱ 82 ሺህ ኩንታል ገደማ ይሆናል። በሌላ በኩል እንዲህ ያለ ፋብሪካ ለአንድ ቀን ሲቆም ያን ያህል ምርት ይቀራል። ጉዳቱ በዚያ ቀን ብቻ አያበቃም፤ የቀዘቀዘውን መሣሪያ ቀስ በቀስ ማሞቅ፣ ግፊቱን መመለስና ፍሰቱን ማረጋጋት ሰዓታትን፣ አልፎም ቀናትን ይወስዳል። ስለዚህ ለአሞኒያ ፋብሪካ አስተማማኝ የጋዝ አቅርቦት፣ የማይቆራረጥ ኤሌክትሪክና የሠለጠነ የጥገና ባለሙያ የህልውናው ጉዳዮች ናቸው።

የወባ መድኃኒት፦ ብርሃን በቱቦ ዙሪያ

አርቴሚሲኒን በወባ ሕክምና ውስጥ ዋናውን ድርሻ የያዘ ንጥረ ነገር ነው። የሚገኘው ከአሪቲና ከጭቁኝ ጋር በአንድ ወገን ከሚመደበው አርቴሚሲያ አኑዋ ከተባለ ተክል ነው። ቻይናዊቷ ሳይንቲስት ቱ ዩዩ በዚህ ግኝታቸው እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነዋል። በኢትዮጵያ ለፋልሲፓረም ወባ በቅድሚያ የሚሰጠው፣ በተለምዶ ኮአርተም የሚባለው መድኃኒት አንዱ ክፍል የአርቴሚሲኒን ተዋጽኦ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የመጀመሪያዎቹ አሥር ወራት በአገሪቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል።

ችግሩ ንጥረ ነገሩ ከደረቀው ቅጠል ክብደት ብዙውን ጊዜ ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ወይም ከዚያ በታች መሆኑ ነው። ተክሉ ለመድረስ ወራት ይፈጃል፤ ዋጋ ሲወርድ ገበሬው ሌላ ሰብል ይዘራል፤ በቀጣዩ ዓመት እጥረት ይፈጠራል፤ ዋጋውም ይንራል። በአንጻሩ ከቅጠሉ አርቴሚሲኒን ከተጣራ በኋላ አርቴሚሲኒክ አሲድ የተባለ የቅርብ ዘመዱ ከዝቃጩ ጋር ይጣላል።

ይህን ዘመድ ወደ አርቴሚሲኒን መለወጥ የሚቻለው ብርሃን በሚያነቃው ኦክስጅን ነው። በትልቅ ጋን ውስጥ ግን ብርሃን ጥቂት እንደገባ በፈሳሹ ተውጦ ይቀራል፤ ከመሐል ያለው ፈሳሽ ጨለማ ውስጥ ይሆናል። በጀርመን ፖትስዳም በሚገኘው የማክስ ፕላንክ የኮሎይድና ኢንተርፌስ ተቋም ፒተር ዜበርገርና ፍራንሷ ሌቬክ እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ ያደረጉት መፍትሔ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ቱቦ በጠንካራ መብራት ዙሪያ መጠቅለል ነበር። ፈሳሹና የኦክስጅን ጋዙ አብረው ሲያልፉ እያንዳንዱ ጠብታ ብርሃን ያገኛል፤ በቀጣዩ የቱቦው ክፍል አሲድ ይጨመርና ቀሪው ለውጥ ይካሄዳል። አጠቃላይ ቆይታው ከአምስት ደቂቃ ያነሰ ነው።

በ2018 እ.ኤ.አ. ይፋ በተደረገ ተከታይ ሥራ የተቋሙ ተመራማሪዎች ተጨማሪ እርምጃ ሄዱ። ብርሃኑን ተቀብሎ ወደ ኦክስጅን የሚያስተላልፍ ውድ ቀለም ከመግዛት ይልቅ በተክሉ ጭማቂ ውስጥ ያለውን የራሱን ክሎሮፊል ተጠቀሙ። የግብርና ምርት የሚጣለው ክፍሉ ሳይቀር ለመድኃኒት ግብዓት ሊሆን እንደሚችል ከሚያሳዩ ጥሩ ምሳሌዎች አንዱ ነው።

በሌሎች መድኃኒቶች

በተለመደው አሠራር የአንድ መድኃኒት ንጥረ ነገር በአንድ አገር ተሠርቶ፣ በሌላ ተጣርቶ፣ በሦስተኛው ክኒን ይሆናል። በየመካከሉ ይከማቻል፤ ይጓጓዛል፤ ይመረመራል። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ለደም ግፊት የሚሰጠውን አሊስኪረንን ከጥሬ ዕቃ እስከ ክኒን በአንድ ተያያዥ መስመር ሠርተው አሳይተዋል። በዙር አሠራር 300 ሰዓት ይፈጅ የነበረው ሥራ በ47 ሰዓት ተጠናቋል።

በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዚያው ተቋም ማቀዝቀዣ የሚያክል መሣሪያ ቀርቧል። ዳይፈንሃይድራሚን፣ ሊዶኬይን፣ ዳያዘፓምና ፍሉኦክሴቲን የተባሉትን አራት መድኃኒቶች ተራ በተራ ማምረት ችሏል። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለኤች አይ ቪ ሕክምና የሚውለውን የዳሩናቪር ክኒን አመራረት ከዙር ወደ ያልተቋረጠ አሠራር እንዲለወጥ ፈቅዷል። የቁጥጥር መሥሪያ ቤቶች አሠራሩን መቀበላቸው ለመስፋፋቱ ከመሣሪያው ባልተናነሰ አስፈላጊ ነው።

ውስንነቶቹ

የፍሰት አሠራር ለሁሉም አይሆንም። ቀዳሚው ጠላቱ ጠጣር ነው። የጠብታ መስኖ የሚጠቀም አርሶ አደር ደለል ቀዳዳዎቹን እንደሚደፍንበት ሁሉ፣ በአጸግብሮቱ መካከል የሚዘቅጥ ጨው ወይም ክሪስታልም ቀጭኑን ቱቦ ይደፍነዋል። ተመራማሪዎች የተሻለ አሟሚ በመምረጥ፣ ቱቦውን በድምፅ ሞገድ በማንቀጥቀጥ ወይም ሰፋ ያለ ቱቦ በመጠቀም ይታገሉታል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልተፈታም።

አጸግብሮቱ በተፈጥሮው ቀርፋፋ ከሆነና በሙቀትና በግፊት ሊፋጠን ካልቻለ እጅግ ረጅም ቱቦ ያስፈልገዋል፤ እንዲህ ሲሆን ጋን ይሻላል። በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ በትንሹ ለሚፈለግ፣ በየጊዜው ለሚቀያየር ምርትም የዙር አሠራር ይመረጣል፤ አንድ ጋን ዛሬ አንዱን ነገ ሌላውን ሊሠራበት ይቻላልና። ጠላም፣ ጠጅም፣ እርጎም በጊዜያቸው እየበሰሉ የሚደርሱ በመሆናቸው በየቤቱ በጋንና በቅል መሠራታቸው ምክንያት አለው።

የመነሻ ወጪውም ቀላል አይደለም። ፍሰቱን ሳያዛንፉ የሚገፉ ፓምፖች፣ በየቅጽበቱ የሚያነቡ መለኪያዎችና እነርሱን የሚያስተባብር ኮምፒውተር ያስፈልጋሉ። አንዱ ፓምፕ በጥቂቱ ቢደክም የድብልቁ ምጣኔ ይዛባል፤ መለኪያው ካልያዘው ስህተቱ ምርቱ እስኪመረመር ድረስ ይቀጥላል። ኤሌክትሪክ በሚቆራረጥበት አካባቢ መጠባበቂያ ኃይል ሳይኖር መጀመርም አይቻልም።

በኢትዮጵያ መታየት ያለበት

በአዲስ አበባ ቂሊንጦ ለመድኃኒት አምራቾች የተለየ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተገንብቷል፤ በጎዴ የዩሪያ ፋብሪካ ታቅዷል። ሁለቱ በመጠን የማይገናኙ ቢሆኑም በአንድ ጥያቄ ይገናኛሉ፤ ፍሰቱን ሌት ተቀን የሚጠብቅ ባለሙያ ከየት ይመጣል? በፓምፕ፣ በቫልቭ፣ በሙቀትና በግፊት መለኪያ ላይ የሚሠራ ቴክኒሻን በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ሊሠለጥን ይችላል። የመነሻ ትምህርቱም ሩቅ አይደለም። የወተት ማቀነባበሪያ ማሽን የቆይታ ጊዜንና የሙቀት ልውውጥን፣ የጠብታ መስኖ ደግሞ የግፊትንና የመደፈንን ጠባይ በሚዳሰስ መልኩ ያስተምራሉ።

ለአርሶ አደሩ ደግሞ ፋብሪካ በአገር ውስጥ መገንባቱ ብቻውን ማዳበሪያ በወቅቱና በሚቻል ዋጋ ለመድረሱ ዋስትና አይሆንም። ፍሰቱ ከጋዝ ጉድጓዱ ጀምሮ በፋብሪካው፣ በመንገዱና በኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን አልፎ እስከ ማሳው ይዘልቃል። ፋብሪካው ሲታቀድም ሆነ ሥራውን ሲጀምር ጥያቄው ሊቀርብ የሚገባው በዚህ መስመር ሁሉ ላይ ነው።